ሮዝ ካናቴራ በሦስተኛ ፎቅ

ዶንግ ፉሊን ከልጁ ጋር ሲወራረድ ሆዱ ጠግቦ ነበር፤ የጠገበ ሰው ደግሞ አፉን አይጠብቅም። ሩዪን እንደ ወትሮዋ ከሺያመን ደውላ፣ ፊቷን ስልኩ ላይ ደቅና፣ «አባዬ፣ ብርዱ ሳይገባ ና እንጂ! እዚህ ባሕሩ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ላንተ ያዘጋጀነው ክፍል ባዶውን ተቀምጧል» ትለዋለች። ይህን ዘፈን እየሰማ ነው የኖረው። ያን ዕለት ግን ሰለቸውና፣ «እሺ በቃ! ዘንድሮ ይህ ማሞቂያ ካስቸገረኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እመጣለሁ። ካላስቸገረኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አላት።

«ቃልህ ነው?»

«ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው ከሰዓቱም ከቃሉም አይዛነፍም።»

«እሺ፣ ይመዝገብልኝ» አለች ሩዪን እየሳቀች።

ዶንግ ስልኩን ሲዘጋ ያሸነፈ ያህል ነበር የተሰማው። በሰሜኗ ብርዳም ከተማ በሙዳንጂያንግ ይህን ቤት ፓን ከሚባል ሰው ከተከራየ ጀምሮ ማሞቂያው አንድ ቀን አሳፍሮት አያውቅም። ውጭ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት ወቅት እንኳ እሱ ቤት ውስጥ በካናቴራ ነው የሚውለው።

ለምን መሄድ እንደማይፈልግ ለልጁ የሚነግራት ሌላ፣ እውነቱ ሌላ ነው። ለእሷ፣ «የባሕር አየር ጉልበቴን ያመኛል» ይላታል። እውነቱ ግን ሉ ያፌን ናት። ያፌን ከእሱ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ስትመራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ከሕፃናት ጋር ስትጮኽ የኖረችበት ድምጿ እስከ ዛሬ ያልበረደላት፣ ስትስቅ ደረጃው ሁሉ የሚሰማት ሴት ናት። ዶንግ ይወዳታል። ነገሩ ይኸው ነው። ነግሯት ግን አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜ ምን ተብሎ ይነገራል? ጠዋት ጠዋት አብረው ገበያ ይሄዳሉ፤ እሷ ትመርጣለች፣ እሱ ይሸከማል። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከጎረቤት ጋር ካርታ ይጫወታሉ። የሠራችውን ምግብ በሳህን ትልክለታለች፤ እሱም ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነውና አንድ ነገር አድርጎበት ይመልሳል፤ እሷም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት አንድ ሳህን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ዓመታት አልፈውታል። ሰውየው እንግዲህ ይህን ትቶ ሺያመን ሄዶ ባሕር ሊያይ ነው?

ማሞቂያው ውስጥ ውሃ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ማሞቂያው የሚሠራው በሙቅ ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የየቤቱ አይደለም። ውሃው ከምድር ቤት ተነሥቶ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በአንድ ቧንቧ ይወጣል፤ የሁሉም ቤት ማሞቂያ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ የተሰካ ነው። ስለዚህ በደረጃው መግቢያ ላይ «በዕለቱ ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። በዚያ ቀን ቤቱን ቆልፎ የሄደ ሰው የታች ጎረቤቱን አጥለቅልቆ ይመለሳል፤ ሐሜቱም እስከ ዓመት አይበርድለትም።

ዶንግ በጠዋት ሻዩን አፈላ፣ ወንበሩን መኝታ ቤቱ ውስጥ ካለው ማሞቂያ ፊት ለፊት አደረገ፣ ተረኛ ሹፌር መስሎ ቁጭ አለ። ቧንቧው አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ተንቀጫቀጨ። ከታች ያፌን «እኔ ጋ ደርሷል!» ብላ በመስኮት ጮኸች። ዶንግ ካቻቢቴውን አንሥቶ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈታ አደረጋት። ፊሽሽ አለች፤ አየሩ አለቀና ውሃው ብቅ አለ። ውሃው ቀይ ነበር።

ቀይ የሆነበት ምክንያት አለው። ሰው ሙቁን ውሃ ከማሞቂያው እየቀዳ ልብስ ሲያጥብበትና ወለል ሲወለውልበት ከርሞ፣ ዘንድሮ ሙቀቱን የሚያድለው መሥሪያ ቤት መሮት፣ የሚቀዳው ሰው እንዲጋለጥ ቀለም ጨምሮበታል። ከሁሉ በላይ የተደሰተው የስድስተኛ ፎቁ ሺን ነው። ሺን «እናንተ ከታች ትቀዳላችሁ፣ እኔ ከላይ እንቀጠቀጣለሁ» እያለ ያላማረረበት ክረምት የለም። ቀለም ሊጨመር ነው ሲባል፣ ልጁን የዳረ ሰው ይመስል ለካርታ ተጫዋቾቹ ሁሉ ከረሜላ አድሏል።

ዶንግ ብሎኗን መልሶ አጠበቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምንም የሚወራ ነገር አልነበረም። ግን ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ አንገት ላይ ትንሽ ዝገት አየ። «እስቲ ይህንንም ጠበቅ ላድርገው» አለ ለራሱ። መፍቻውን አምጥቶ ትንሽ አዞረው። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከቫልቩ አንገት አንዲት ቀይ ጠብታ ወጣች፣ ትንሽ ተንጠለጠለች፣ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ከኋላዋ ሌላ መጣች።

ዶንግ ጎንበስ ብሎ አያት። የታየው ወለሉ አልነበረም፤ ሻንጣው ነው የታየው።

አውቶቡስ ሲነዳ ራዲያተር መንገድ ላይ ሲያፈስበት ሳሙና ጠቅጥቆበት ስንት ጊዜ ጋራዥ ደርሷል። ስለዚህ አሁንም ሳሙና ጠቀጠቀበት። ጠብታዋ ሳሙናውን አልፋ አረፋ ይዛ ወረደች። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሸንሽኖ ጠመጠመበት። ትንሽ ዘገየች እንጂ አልቀረችም። በላዩ ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ ያረጀ ካልሲ አሰረ። ጠብታዋ ካልሲውን አጥባ ወረደች። በመጨረሻ ሳፋ አምጥቶ ሥሩ አስቀመጠና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ለአከራዩ ለፓን መደወል ነበረበት። ፓን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሩዪን ስልክ አለው። ዛሬ ለእሱ ከተነገረ ነገ እሷ ትሰማለች። ጠጋኝ ቢጠራስ? ያንን ቫልቭ ለመለወጥ የመሥመሩ ውሃ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ውሃው እንዲወርድ ደግሞ በዚያ መሥመር ያለ ቤት ሁሉ «እሺ፣ ይብረደኝ» ማለት አለበት። ሙቀቱ ከተለቀቀ በኋላ ማን ነው እሺ የሚለው? ሺን? ዶንግ ይህን ሲያስብ ብቻውን ሳቀ። እንግዲህ መደበቅ ነው፣ እስከ ጸደይ።

መደበቁ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልከበደውም። ሩዪን ስትደውል «ማሞቂያው እንዴት ነው?» ትላለች። «እጅ አያስነካም፣ ይፋጃል» ይላታል፤ ይህ እውነት ነው። «እስቲ አሳየኝ» ካለችው የወጥ ቤቱን ያሳያታል፤ እሱም ማሞቂያ ነው። ችግሩ ሳፋው ነበር። ገበያ ሄዶ ቆየት ካለ ይሞላል። ስለዚህ ከያፌን ጋር የጥቅል ጎመን ገበያ ሲወጡ፣ ድሮ ሻጩን ሁሉ ሲያዋራ የነበረው ሰውዬ እግሩ እሳት የረገጠ ሆነ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ያቻኩልሃል?» አለችው ያፌን አንዱን ጎመን እያገላበጠች። «ቤት ያስቀመጥካት አለች እንዴ?»

«አለች እንጂ» አለ ዶንግ። «ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች።»

ያፌን ሳቀች፤ ጎመን ሻጩም ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ሂሳብ ስትከፍል፣ ከጎን ገልመጥ አድርጋ አየችው። ዶንግ ጎመኑን ተሸክሞ ቀድሟት ስለነበር አላየም።

ሰውን የሚያጠፋው ትልቁ ጥፋት ሳይሆን ትንሿ ቁጠባ ናት። ሳፋ ሙሉ ሙቅ ውሃ በየቀኑ ሽንት ቤት ሲደፋ ዶንግ ነፍሱ እሺ አላለችም። ልጅ ሆኖ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ በትከሻው ያመላለሰ ሰው ነው፤ የሞቀ ውሃ መድፋት ለእሱ እህል መድፋት ነው። አንድ ቀን ነጫጭ ካናቴራዎቹን ሰብስቦ ሳፋው ውስጥ ነከራቸው። ቀለሙን ረስቶት አይደለም፤ «ይህን ያህል ፈዛዛ ቀለም ምን ይይዛል?» ብሎ ነው። ቀለሙ ያዘ። ካናቴራዎቹ የሙሽራ ጉንጭ መስለው ወጡ። ዶንግ ለጊዜው ተበሳጨና፣ ኋላ «ከሹራብ ሥር ማን ያየዋል?» ብሎ በረንዳው ላይ አሰጣቸው። በረንዳው መስታወት ነው፤ መስታወቱ ደግሞ ወደ ግቢው ነው የሚያየው።

በማግሥቱ ከሰዓት ሺን ካርታ ሊጫወት ወርዶ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ቆሞ ቀረ።

«ኧረ ሰዎች፣ ኑ እዩልኝ!» አለ። «ሌባው ራሱ ባንዲራውን ሰቅሏል!»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሮዝ ካናቴራዎቹ በሦስተኛ ፎቅ ተርታቸውን ይዘው ተሰቅለዋል። ዶንግ ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ ብሎ ጠበቀው።

«አንተ ዶንግ» አለ ሺን፣ ካርታውን እያደባለቀ ግን ሳያድል። «ካናቴራህን ማነው እንዲህ ያሳመረልህ?»

«ጊዜ ነው» ሊል ፈለገ ዶንግ፤ ቀልዱ አልወጣለትም።

«እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ አድራለሁ፣ አንተ በሙቀቴ ልብስ ታጥባለህ! አፍህን ሞልተህ ደግሞ ‹ሺን ጤና ይስጥልኝ› ትለኛለህ። ቀድተሃል ወይስ አልቀዳህም?»

ዶንግ ያፌንን አየ። ካርታ እንደያዘች ትጠብቃለች። «አልቀዳሁም በል» የምትለው ትመስላለች። አልቀዳሁም ቢል ግን፣ ታዲያ ቀለሙ ከየት መጣ ይባላል፤ ቫልቩ ነው ማለት ይመጣል፤ ቫልቩ ከተነሣ ፓን ይሰማል፣ ሩዪን ትሰማለች፣ ሻንጣው ይነሣል። ሌባ የተባለ ሰው ቢያንስ እዚሁ ይኖራል።

«ቀድቻለሁ» አለ።

ያፌን ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ተነሣች። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችውም፤ መሐረቧን አጥብቃ ወደ ቤቷ ገባች። ሺን ዱላ ቢያነሣበት ለዶንግ ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳህኑ እሷ ቤት ቀረ። ጠዋት ሲወርድ ያፌን ቀድማ ገበያ ሄዳለች። ካርታ ጨዋታው ላይ ወንበር አልከለከሉትም፤ ግን ሲቀመጥ ወሬው ይቋረጣል። በረዶ ጣለ፤ ግቢው ነጭ ሆነ፤ ቤቱ ሙቅ ነው፤ ዶንግ ግን ሙቀቱ አልጣመውም። እዚህ ለመቆየት ብሎ ሌባ ተባለ፤ የቆየለት ነገር ደግሞ ፊቱን አዞረበት። «ደግ አድርገሃል፣ አንተ ጅል» ይላል ለራሱ ሳፋውን ሲደፋ።

አንድ ረፋድ በሩ ተንኳኳ። ያፌን ናት። ሳህኑን ይዛ መጣች ብሎ ልቡ ዘለለ፤ እጇ ግን ባዶ ነበር።

«ጣሪያዬ ላይ ሮዝ አበባ በቅሏል» አለች። «ልብስ የምታጥበው ወለሉ ላይ ነው እንዴ?»

«ምን ያህል ነው?»

«አሳልፈኝ።»

«ቤቱ አልተጠረገም—»

«አሳልፈኝ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!»

አሳለፋት። መኝታ ቤቱ ገብታ ማሞቂያውን አየች። ቫልቩ በጎማ፣ በፕላስተርና በካልሲ ተጠቅልሎ እንደ ቆሰለ ጣት አብጧል። ሥሩ ሳፋው ተቀምጧል። ጠብ ሲል ሰማች። ሳፋው ጠርዝ አካባቢ ወለሉ ረጥቧል፤ ያ ነው ወደ እሷ የወረደው።

«ይሄ ነው የቀዳኸው?»

ዶንግ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ጠበቅ አደረገው።

«ይሄ እኮ ማፍሰስ ነው! መቅዳት አይደለም! ለምን አልተናገርክም? ያ ሺን በሰው ፊት እንደ ልጅ ሲያዋርድህ ለምን አፍህን ያዝክ?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለም። ሁሉንም ነገራት፦ ሩዪንን፣ ውርርዱን፣ ‹ማሞቂያው ካስቸገረኝ› ያለውን፣ ፓንን፣ የወጥ ቤቱን ማሞቂያ ማሳየቱን። ያፌን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

«ላለመሄድ ብለህ ነው ሌባ የተባልከው?»

«አዎ።»

«እዚያ ባሕር አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ልጅህ አለች። እዚህ ምን አለህ?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዶንግ ብዙ ዓመት ተሰጥቶት ነበር። አፉን ከፈተ። «ጉልበቴን… የባሕር አየር ጉልበቴን ያመኛል» አለ።

ያፌን ብድግ አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ዶንግ ፉሊን» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፤ ረጋ አድርጋም አልዘጋችው።

ዶንግ እንደቆመ ቀረ። አበቃ። ነገ ለሩዪን ደውሎ ይነግራታል፤ እውነቱን ተናግሮ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሺያመን ውስጥም ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሎች አይጠፉም። ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ግማሽ ድረስ እንደ ሳበ ግን ደረጃው ላይ የበር መንኳኳት ሰማ። በር ተከፈተ፤ የያፌን ድምፅ ነበር። ምን እንደምትል አልሰማም። በሩ ተዘጋ፤ የላይኛው ተንኳኳ። እየወጣች ነው። ዶንግ በሩን በስሱ ከፍቶ ጆሮውን ሰጠ። መጨረሻ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ደረሰች፤ እዚያ ደግሞ ጆሮ መስጠትም አላስፈለገውም።

«እኔ ሺን! ለሌባ ብዬ ቀኑን ሙሉ ልንቀጥቀጥ?»

«ሌባ አይደለም! ሞኝ ነው! ሌባና ሞኝ አንድ ናቸው እንዴ?»

«ሞኝስ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ?»

«አምና ወገብህን ሲይዝህ ጎመንህን ስድስት ፎቅ ተሸክሞ ያወጣልህ ማነው?»

ሺን ሲያስል ተሰማ።

«ማነው? ንገረኛ!»

«እሱ ነው» አለ ሺን ቀስ ብሎ።

«እኮ!»

«ግን ጎመኔን ሲያወጣ አንዱን ጥሎ ሰባብሮታል» አለ ሺን፤ ያፌን ግን ወደ ታች መውረድ ጀምራ ነበር።

ዶንግ በሩን ዘጋ። ሻንጣውን ጨርሶ አልሳበውም፤ ወደ ሥሩም መልሶ አልገፋውም። እዚያው ግማሹ ወጥቶ ተቀመጠ።

ፓን ሲደወልለት «ጋሼ ዶንግ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ! ተከራይ ማለት እኮ እንግዳ ማለት አይደለም» ብሎ የቧንቧ ሠራተኛ ላከ። የመሥመሩ ውሃ የሚወርድበት ቀን ተቆረጠ። ያፌን ደግሞ ለደረጃው ሰው ሁሉ ፍርድ ሰጠች፦ «ያበረደን ሰው ያብላን።» ስለዚህ ውሃው በወረደበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን እንዳጠለቀ፣ ከየቤቱ በርጩማ ይዞ ዶንግ ቤት ገባ። ያፌን ከጠዋት ጀምራ ወጥ ቤቱን ይዛ ትልቁን ድስት ጥዳለች፤ የኮመጠጠ ጎመን፣ የአሳማ ጎድንና ክር የመሰለ የድንች ፓስታ አብሮ ይንተከተካል። መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ታውሯል። ቧንቧው በርዷል፤ ቤቱ ግን በሰው ብቻ ሞቋል።

የቧንቧ ሠራተኛው መኝታ ቤት ገብቶ የቧንቧ መፍቻ ጂራቱቦውን አስቀምጦ ጥምጥሙን መፍታት ያዘ። ካልሲው ወረደ፤ ፕላስተሩ ወረደ፤ ጎማው ወረደ፤ በመጨረሻ ሳሙናው ብቅ አለ።

«አባባ» አለ፣ «ይሄ ቫልቭ ነው ወይስ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» አለ ሺን ከወዲያኛው ክፍል፣ አፉን በወጥ ሞልቶ። ሰው ሳቀ። ዶንግም ሳቀ። ሺን ሳህኑን ለሁለተኛ ጊዜ አስሞልቶ፣ ለዶንግ ቦታ ለቀቀለትና «ና ቁጭ በል፣ አንተ ሌባ» አለው፤ በዚህም ሁለቱ ታረቁ።

ሠራተኛው አሮጌውን ቫልቭ ፈትቶ አወጣ። የቧንቧው አፍ ባዶውን ቀረ። አዲሱ ላይ ውሃ እንዳያሳልፍ ቃጫ ሲጠመጥም የዶንግ ስልክ ጠራ። ሩዪን ናት።

ዶንግ ስልኩን አየው። እስከ ትናንት ቢሆን ወጥ ቤት ይዞት ይሮጥ ነበር። ዛሬ እዚያው ሰው መሃል ከፈተው።

«አባዬ! ቤት ውስጥ ካፖርት? ያ ሁሉ ሰውስ ምንድን ነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይልቅ ይህን እይ» አለና ተነሥቶ ስልኩን ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ አዞረላት። አፉ የተከፈተው ቧንቧ፣ ከቦታው የተነቀለው ቫልቭ፣ ቃጫ ይዞ የቆመው ሠራተኛ፣ ሁሉ ታያት። «ተሸንፌያለሁ ልጄ። ማሞቂያው አስቸግሮኛል። ውሃ ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ሲያስቸግረኝ ከርሟል። እኔ ነኝ የደበቅኩሽ፤ የወጥ ቤቱን እያሳየሁ ሳታልልሽ ነበር። ቃል ቃል ነው። ይህ ሰውዬ ይጨርስና ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።»

ሠራተኛው ቃጫውን እንደያዘ ቀረ። ሺን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ከወጥ ቤቱ የድስቱ መንተክተክ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ የያፌን ኮቴ ተሰማ። ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ በሌላኛው እጇ ስልኩን ከዶንግ ወሰደች።

«ሩዪን፣ እኔ የሁለተኛ ፎቋ ያፌን ነኝ።»

«እትዬ! እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም፤ በርዶኛል። ስሚኝ ልጄ፣ አባትሽ የትም አይሄድም።»

«እንዴት? እሱ ራሱ እኮ ነው ቃል—»

«ቃሉን ሰምቻለሁ። እሱ ቃሉን አላጠፈም፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ደረጃውን እስከ ላይ ወጥቼ፣ የሰው በር እያንኳኳሁ፣ ያን ሺን የሚባል ሰው ሳይቀር ‹አንድ ቀን ብርዱን ቻልልኝ› ብዬ የለመንኩት ለቫልቭ ይመስልሻል?»

ማንም አልሳቀም። ያፌን ፊቷ ቀላ፤ ጭልፋዋን ከእጅ ወደ እጅ ቀየረች፤ ግን የተናገረችውን አልመለሰችም። ስልኩን ለዶንግ መልሳ ሰጠችውና ድስቷ እንዳያርባት ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ስልኩ ውስጥ ሩዪን አፏን በእጇ ይዛ ነበር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ይህን ነገር ለምን አልነገርከኝም?»

ዶንግ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ።

«እኔም አሁን ነው የሰማሁት» አለ።